በስሜ የተጠራው ደረቅ ጉድጓድ

የበደሉኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዶክተር ምናሴ ነው። የበደለኝ የሱሉልታው ጉድጓድ ከከሸፈ በኋላ በመጣው ጥቅምት በጻፈው ሪፖርት ነው። ሁለተኛው ኦቦ ገመቹ ናቸው። እሳቸው የበደሉኝ ከዚያ በቀጠለው ኅዳር፣ ምንም ባለመናገራቸው ነው። ዶክተር ምናሴን በዚህ ጽሑፍ «እሱ» እላለሁ፤ በዕድሜ ያንሰኛል፣ በሹመቱ ዘመንም የሚገባውን አንቱታ ሁሉ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ኦቦ ገመቹን ግን አንቱ ከማለት አፌ ዛሬም አልተላቀቀም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቀድሞ ባልደረቦቼ ትዝታሽን ጻፊ ይሉኛል። ሴት ጂኦሎጂስት ብርቅ በነበረችበት ዘመን ሪግ በምንለው የቁፋሮ ማሽን ሥር ቆማ ስላዘዘች ሴት ደስ የሚል ነገር እንዲነበብ ይፈልጋሉ። ደስ የሚለውን አልደብቅም፤ ብዙ ነበር። ነገር ግን ከላይ ያልኩት አስቀድሞ ካልተባለ ደስ የሚለውም ቦታውን አይዝልኝም።

ሥራዬ የከርሰ ምድር ውኃ ነበር። ውኃው የት እንደተኛ መፈለግ፣ የቁፋሮውን ቦታ መምረጥ፣ መሰርሰሪያው ሲወርድ የሚወጣውን የድንጋይ ፍርፋሪ ማንበብ፣ በመጨረሻም ቧንቧው እንዴት ተደርጎ እንደሚወርድ መወሰን። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ስለሚበልጥ ከወዲሁ ላስረዳው። ጉድጓድ ውስጥ የሚወርደው ቧንቧ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ድፍን ነው። ሌላው እንደ ወንፊት የተበሳ ነው፤ እኛ ስክሪን እንለዋለን። ስክሪኑ ውኃ ባዘለው ድንጋይ ፊት፣ ድፍኑ በጭቃው ፊት መቆም አለበት። ቦታ ከተለዋወጡ ውኃው እዚያው አጠገብ ተኝቶ ሳይገባ ይቀራል፤ የሚገባው ጭቃው ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቡራዩ ነበር። ያኔ ከገፈርሳ ወዲህ ያለው መሬት ባሕር ዛፍና የድንች ማሳ ነው፤ አሁን የምኖርበት ሰፈር ራሱ የገብስ እርሻ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ምን ላድርጋት ብሎ ይመስለኛል ከኦቦ ገመቹ ጋር አጣመረኝ። ኦቦ ገመቹ የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ጂኦሎጂስቶች ሁሉ አንጋፋው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲያቸው ውስጥ የሚከቱ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ጫማሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ለዚያ ሳምንት ንግግራቸው እሱ ነበር።

ቦታ የምንመርጥበት ማሽን የኮረንቲ መለኪያ ነው። ረጅም ገመድ በማሳው ላይ ይዘረጋል፣ የብረት ካስማዎች በመዶሻ ይተከላሉ፣ መሬቱ ደረቅ ከሆነ በካስማዎቹ ሥር የጨው ውኃ ይፈስሳል። ከዚያ ኮረንቲ ይለቀቅና ከሥር ያለው ድንጋይ ምን ያህል እንደሚያሳልፈው ይለካል። የማሳው ባለቤቶች ከዳር ቆመው ያዩናል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ለረጅም ጊዜ ስታየን ቆይታ ኦቦ ገመቹን መሬቱን ኮረንቲ ልታስይዙት ነው ወይ አለቻቸው።

«ድንቹ ተቀቅሎ ከወጣልኝ እንጨት ቆጠብኩ» አለች።

ኦቦ ሳይስቁ «ጨውም ጨምረንበታል፣ አዴ» አሏት።

እኔ ካስማው ላይ ተደፍቼ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ «ኢንተላ ኮ» ይሉኝ ጀመር፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

የኦቦን ልማዶች ብዘረዝር ወረቀት አይበቃኝም፣ ግን ጥቂቶቹን አልተውም። አንድ መንደር ስንደርስ ገመድ አይፈታም። መጀመሪያ ሰላምታ ነው፤ የከብቱ፣ የዘመዱ፣ የእህሉ ደኅንነት እስከ ዳር ይጠየቃል። ቀጥሎ ከብቶች በበጋ የት እንደሚጠጡ ይጠየቃል። እኔ ወረቀት ዘርግቼ ስቁነጠነጥ እሳቸው የአንድ ላም የሕይወት ታሪክ ያዳምጣሉ። በኋላ እንደገባኝ ከዚያ ወሬ ውስጥ ምንጩ የሚደርቅበትን ወር አውጥተው ይዘዋል።

ፍርፋሪ ከማንበባቸው በፊት ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ። ድንጋይን በሰዓት የሚያነብ ይሳሳታል ይሉ ነበር። ፍርፋሪው ታጥቦ እስኪደርቅ አይነኩትም። ከደረቀ በኋላ ቆንጠር አድርገው በፊት ጥርሳቸው ይፈጩታል። ጥርስ ላይ ካንኳኳ አሸዋ ነው፤ ምላስ ላይ ከተለጠፈ ሸክላ ነው። እኔም ተማርኩት፤ ቡራዩና ሰበታን ቀምሻቸዋለሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ሪግ ሥር ደግሞ «ውኃ» የሚለው ቃል ክልክል ነበር። የፓምፕ ሙከራው እስኪያልቅ ማንም እንዲጠራው አይፈቅዱም። ቆፋሪዎቹ ስለዚህ «እንግዳው» ይሉታል። እንግዳው መጣ ወይ፣ እንግዳው ዘገየ፣ እንግዳው ጭቃ ይዞ ገባ። መሐንዲሶች ሊጎበኙን ሲመጡ ይህን ሰምተው ምሳ ስንት ሰው ነው የምትጠብቁት ብለው የጠየቁን ጊዜ ነበር። ኦቦ ለምን እንደሚከለክሉ አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው። ያላዩትን መናገር ውሸት መሆኑን ነገሩኝ። ዝምታቸውን ከዚያ በኋላ እንደ እውነተኛነት ቆጠርኩት። የሰው ዝምታ ሁሉ አንድ ዓይነት የመሰለኝ ከዚያ ነው።

ከሁሉም የበለጠው ልማድ ግን የአደራደር ነበር። መሰርሰሪያው በወረደ ቁጥር የሚወጣው ፍርፋሪ በትንንሽ ከረጢት ይገባል፤ ጥልቀቱ በላዩ ይጻፋል፤ ከረጢቶቹ መሬት ላይ ይደረደራሉ። በሌላ ቡድን ድርድሩ ከላይኛው አፈር ይጀምራል፣ በወጣበት ቅደም ተከተል። በኦቦ ገመቹ ቡድን ቁፋሮው ሲያልቅ ሁሉም ይነሣና እንደገና ይደረደራል፤ ከድንኳኑ በር ላይ ከጥልቁ ይጀምራል፣ የላይኛው አፈር መጨረሻ ላይ ይሆናል።

«መሬት ከታች ጀምራ ነው የተሠራችው» አሉኝ። «ከላይ የሚጀምር ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ የሰርግ ወሬ እንደሚጠይቅ ነው።»

ይህን ልማድ ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ እኔ።

ከቡራዩ ቀጥሎ ሰበታ ነው። ሰበታ ላይ ያሳለፍኳቸው ዓመታት የሕይወቴ ምርጥ ዓመታት ነበሩ። ጠዋት ከፉሪ ኮረብታ በታች ጉሙ ሲነሣ፣ ወጨጫ ተራራ ከላዩ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ያኔ ፉሪ ላይ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። አሁን በታክሲ ሳልፍ ኮረብታውን ከቤቱ ለይቶ ማየት ይቸግረኛል።

እዚያ ሁለት ጉድጓድ ቆፍረን ሁለቱም ደረቁ። ኦቦ ሦስተኛውን በመለኪያው መሠረት ከወንዙ ዳር ሊያስቆፍሩ ነበር። እኔ ደግሞ ሾላዎቹን አይ ነበር። በበጋው ሁሉ ነገር ሲገረጣ፣ ከተራራው ሥር እስከ መንገዱ ድረስ እንደ ክር የተሰለፉ ሾላዎች ብቻ ለምልመው ቆመዋል። ዛፍ ቀጥ ባለ መሥመር ራሱን አይተክልም። ከሥሩ ዓለቱ የተሰነጠቀበት መሥመር አለ ማለት ነው፤ በስንጥቁ ውኃ ይሄዳል። ሦስት ቀን ፈርቼ ዝም ካልኩ በኋላ ነገርኳቸው። በመሥመሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ሄዱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱ። ከዚያ ለሪጉ ሹም ለተካ ማሽኑን እንዲያነሣ ነገሩት። ተካ ከድሬ እስከ ጂማ የቆፈረ ሰው ነው፤ በሾላ ጥላ ብሎ ማሽን መንቀል በዕድሜው አላየም። እያጉረመረመ ነቀለው።

እንግዳው መጣ። ከፓምፑ ሲወጣ ቱቦውን ለሁለት ሰው መያዝ አቃታቸው። የሪፖርቱ ሽፋን ላይ ስማቸውን ልጽፍ ስል ኦቦ እጄን ያዙ።

«የአንቺን ብቻ ጻፊ» አሉ።

በዚያ ሪፖርት ምክንያት የቡድን መሪ ሆንኩ። ተካ የመጀመሪያው ጠዋት በቆፋሪዎቹ ፊት «ከዛሬ ጀምሮ ሪጉ እመቤት አለው፤ ግሪስ የነካው እጅ ሁሉ ይታጠብ» አለ። ግሪሱን ተወውና አፍህን ታጠብ አልኩት። ሁሉም ሳቁ፣ እሱ ጭምር። በሳምንቱ እትዬ ሰብሌ ይለኝ ጀመር። ደመወዙ እምብዛም አልተነሣም፤ የቡድን መሪ አበል የሚባለው ነገር ከሰበታ አዲስ አበባ ለመመላለስ ይበቃ ነበር፣ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ኦቦ ገመቹ ጡረታ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። በዓመቱ ዶክተር ምናሴ የክፍላችን ኃላፊ ሆኖ መጣ። ፍርድ አላጓድልም፤ መኪና አስገዝቶልናል፣ ኮምፒዩተር አምጥቷል፣ መድረክ ላይ ሲናገር አዳራሹ ጸጥ ይላል። ጫማው ሁልጊዜ ያብረቀርቃል። ሪግ ድረስ ሲመጣ ከመኪናው ብዙም አይርቅም፤ መስኮት ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፣ መልሱን ሰምቶ ይሄዳል። ከእኔ ጋር ምንም ጠብ አልነበረውም። ይህን የምለው ሰው ጠብ ፈልጎ የጎዳኝ እንዳይመስል ነው። ሳይጎነበስ ነው የጎዳኝ።

ሱሉልታ የተላክነው በዚያ ጊዜ ነው። ሜዳው ክረምት ሲገባ ረግረግ፣ በጋ ሲመጣ ስንጥቅጥቅ ነው፤ በላዩ ላይ ውኃ ተኝቶበት ሰዉ የሚጠጣው ያጣል። ወተት ለከተማ የሚልኩ ሰዎች ውኃ በአህያ ይገዛሉ። የቁፋሮው ቦታ ከአዴ ጫልቱ አጥር አጠገብ ነበር። አዴ ጫልቱ በእኔ ዕድሜ ያለች ላም አርቢ ናት፤ ምላሷ ስለታም ነው። ሪጉ ሲተከል ጀምሮ በየቀኑ እየመጣች አሁንስ ደረሰ ወይ ትላለች። እንግዳ እየጠበቅን ነው እንላታለን። «የኔን ላሞች ጥማት አይቶ ፈርቶ ይሆናል» ትላለች።

ቁፋሮው አለቀ። ከላይ ወፍራም ሸክላ፣ ከሥሩ ድፍን ድንጋይ፣ ከታች ደግሞ የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ፤ ውኃው እዚያ ነው። ከረጢቶቹን እንደ ልማዳችን ገለበጥኩ፤ ጥልቁ ከድንኳኑ በር፣ ሸክላው ወዲያ ዳር። እያንዳንዱ ላይ ጥልቀቱ ተጽፏል። በማግስቱ ቧንቧውን ላስወርድ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ግን ገላን ላይ የአንድ ፋብሪካ ጉድጓድ ተደርምሶ ዶክተር ምናሴ እኔን ላከኝ። እስክመለስ ቧንቧ እንዳይወርድ ለተካ ነግሬው ሄድኩ።

ገላን ሳለሁ የምረቃው ቀን ተቆረጠ። ሰኔ ገብቶ ነበር፤ ባለሥልጣናቱ ዝናቡ ሳይጠነክር እንመርቅ አሉ። ዶክተር ምናሴ ሱሉልታ ወጣ። ተካ እትዬ ሰብሌ ትምጣ እንጠብቅ ብሎታል። ይህን ተካ ብቻ አይደለም፣ በቦታው የነበሩት ሁሉ ነግረውኛል።

«እኔ ማንበብ አልችልም እንዴ?» አለው።

ጭቃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነበር። እሱ የድንኳኑ በር ላይ ከተነጠፈው ጣውላ ሳይወርድ ቆመና ከዚያ ጀምሮ በጣቱ ቆጠረ። ለእሱ የመጀመሪያው ከረጢት የላይኛው አፈር ነበር፤ ድርድሩ የእኔ ሥራ ስለነበር ተካም የተነገረውን ተቀብሎ ሄደ። በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ጎንበስ ማለት ያስፈልግ ነበር። ከጣውላውም መውረድ።

እኔ ስመለስ ቧንቧው ወርዷል፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ታሽጓል። ተካን ስክሪኑን የት የት አቆማችሁት አልኩት። በድርድሩ አጠገብ እየሄደ በጣቱ ያሳየኝ ጀመር፤ ይኸው እዚህ፣ ይኸው እዚህ። መሐል ላይ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ከረጢት አነበበ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ቀና ሲል ፊቱ የሲሚንቶ መልክ ነበረው።

«እትዬ ሰብሌ» አለ። «ገልብጠነዋል።»

ሲሚንቶ የያዘ ቧንቧ አይነቀልም። ለዶክተር ምናሴ ደውዬ ነገርኩት። ፓምፑ ይሞከር አለ። በምረቃው ቀን ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ ተሰለፈ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተወጠረ። ፓምፑ ሲነሣ እንደ ጠላ አተላ ያለ ነገር ተፋ፤ ለጥቂት ጊዜ ተፋና እሱም ቆመ። ባለሥልጣናቱ ወደ መኪናቸው ሮጡ። አዴ ጫልቱ ብቻ ተራዋን ጠብቃ ጀሪካኗን ከቱቦው ሥር አስገባች፣ ከፈሰሰው አተላ ሞላች።

«ለግድግዳዬ ልስን ይሆነኛል» ብላ ተሸክማው ሄደች።

እንግዲህ ያ ውኃ አሁንም እዚያው ተኝቶ ነበር። ከጎኑ ሌላ ጉድጓድ ቢቆፈር ይገኛል ብዬ በዚያው ሳምንት አመለከትኩ። ለዚያ ግን ቀድሞ ጉድጓዱ ለምን እንደከሸፈ መታመን ነበረበት። የጥቅምቱ ሪፖርት ያመነው ሌላ ነው። የሥራው ኃላፊ የነበሩት ባለሙያ ናሙናዎቹን ገልብጠው በመደርደራቸው ይላል፤ ማን እንዳነበባቸው አይልም። ቦታው ደግሞ ውኃ ሊኖረው እንደማይችል ይጠቁማል። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር እኔን ብቻ አልነበረም የቀጣው። ሱሉልታን በሙሉ ከዕቅድ አስወጣት።

ኅዳር ላይ ኮሚቴ ተሰበሰበ። የተካና የቆፋሪዎቹ ቃል በእኔ ሥር ስለሚሠሩ አይታመንም ነበር፤ እኔ አንድ ምስክር ጠራሁ፣ ኦቦ ገመቹን። አደራደሩ የቡድናችን ደንብ መሆኑን፣ መሥሪያ ቤቱ ለዓመታት እያወቀው የኖረ መሆኑን አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃኝ ነበር። ከሱሉልታ መጡ። ከረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ጠየቃቸው።

«ይህን አደራደር ያስተማሩኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው ትላለች። እውነት ነው?»

ኦቦ ሰዓታቸውን ፈቱ። ሰዓታቸውን ከፈቱ ሊያነቡ ነው፣ ሊናገሩ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት፣ አዩት። ከዚያ መልሰው አሰሩት።

«ዕድሜው ገፍቷል» አሉ። «አላስታውስም።»

ከጡረታ በኋላ በአማካሪነት ይሠሩ እንደነበር፣ ውላቸውንም የሚያድሰው ዶክተር ምናሴ እንደነበር ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ባውቅም ያው ነበር። የሱሉልታ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከዚያ ጉድጓድ በታች ነው፤ ባለቤታቸው ውኃ በአህያ ከሚገዙት አንዷ ናቸው። አላስታውስም ሲሉ የራሳቸውንም ጀሪካን ነው የደፉት።

ከመስክ ተነሥቼ ሰበታ ወዳለው የናሙና መጋዘን ተዛወርኩ። ጉድጓዱ በብረት ክዳን ተበየደ። የሱሉልታ ሰዎች ኤላ ሰብሌ አሉት፤ ኤላ በኦሮምኛ የውኃ ጉድጓድ ነው። በአካባቢው ስም የወጣለት ጉድጓድ እሱ ብቻ ነበር። በሚኒባስ ሳልፍ ረዳቱ «ኤላ ሰብሌ ወራጅ አለ?» ሲል እሰማለሁ። አንዳንዴ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ማን ናት ሰብሌ ይላል። አላውቃትም እላለሁ።

መጋዘኑ ቅጣት ተብሎ ነው የተሰጠኝ፤ እንደ ቅጣት አልኖርኩበትም። ከቆርቆሮው በታች ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ የወጣ ድንጋይ በከረጢት ተከምሯል፤ ግማሹ አይጥ የቀደደው፣ ግማሹ ጽሑፉ የጠፋ። የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከውጭ ያለው ዓለም አይሰማም፤ እርጥብ ድንጋይ ይሸታል፣ እኔና ድንጋዮቹ ብቻ ነን። ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ እከታለሁ። አንድ በአንድ ከታች ወደ ላይ አነበብኳቸው። ዛሬ መጋዘንና ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ ሥር ምን እንዳለ ሰፈር በሰፈር አውቃለሁ። ወጣቶቹ ጂኦሎጂስቶች ይህን ሰምተው ቁፋሮ ከመጀመራቸው በፊት መጋዘን ብቅ ማለት ጀመሩ። ቀስ በቀስ ሪፖርታቸው ያለ እኔ አይወጣም ሆነ። ዶክተር ምናሴ ወደ ግል ድርጅት ከሄደ በኋላ የክፍሉ ኃላፊ አደረጉኝ። ስሜን አጥርተው አይደለም፤ ነገሩን ረስተውት ነው። ሱሉልታን ወደ ዕቅድ ለመመለስ በየዓመቱ አመለከትኩ፣ በየዓመቱ ያ ሪፖርት ከፋይል ወጥቶ መልስ ሆነ።

ጡረታ ስወጣ ሽኝት ተደረገልኝ። ዶክተር ምናሴ ተጋብዞ መጥቶ ነበር። ስለ ትዕግሥቴ ንግግር አደረገ። አጨበጨብኩ።

ከዚያ በዓመቱ አዴ ጫልቱ ቡራዩ ቤቴ ድረስ መጣች። አርጅታለች፣ ምላሷ አላረጀም። ሰፈሩ ተዋጥቶ በራሱ ሊያስቆፍር ነው፤ ቦታ የሚያሳይ ይፈልጋሉ።

«ለምን ወደ እኔ መጣሽ?» አልኳት።

«ያን ቀን ሁሉም ወደ መኪናው ሮጠ» አለች። «አንቺ ጭቃው ውስጥ ቆመሽ ቀረሽ። አየሁሽ። የሮጠ ሰው ቦታውን አያውቀውም።»

ሄድኩ። ከተበየደው ክዳን ብዙ ሳልርቅ ቦታውን አሳየሁ። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አዴ ጫልቱ ቁጣ ስትጀምር ምልክት ተከሉበት። ሥራውን የያዘችው ሀዊ የምትባል ወጣት ጂኦሎጂስት ነበረች፤ ስልኳ ከእጇ አይለይም፣ ግን ፍርፋሪውን ሳልነግራት አጥባ ታደርቃለች። ቁፋሮው ሲያልቅ ከረጢቶቹን ከታች ጀምራ ደረደረች። በሁለቱ ጫፍ ካስማ አስተከልኩና አንዱ ላይ «ታች»፣ አንዱ ላይ «ላይ» ብዬ በትልቁ በቀለም ጻፍኩ።

«ከረጢቱ ላይ ተጽፏልኮ፣ ማሚ» አለችኝ።

«ቆሞ ለሚያነብ ሰው ነው» አልኳት።

ሸክላው ከላይ ነበር፣ የተሰነጠቀው ጥቁር ድንጋይ ከታች። ስክሪኑን እሱ ላይ አቆምን። ፓምፑ ሲነሣ መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ከዚያ ጠራ፣ ጠርቶም ቀረ። አዴ ጫልቱ ጠጣች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ከዚያ ልስኑ እስካሁን አልተሰነጠቀም አለችኝ። የድሮውን ጉድጓድ ስም ማንም አልለወጠውም። አዲሱን አዲሱ ኤላ ሰብሌ ይሉታል።

ሙከራው ባለቀ ማግስት አንድ ጆግ ቀድቼ ቁልቁል ወደ ኦቦ ገመቹ ቤት ወረድኩ። ከኮሚቴው ወዲህ አልተያየንም ነበር። በረንዳ ላይ በፀሐይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ለዩኝ። ብርጭቆ አስመጥቼ ቀዳሁላቸው። አልጠጡም።

«ሙከራው አለቀ?» አሉ።

«አልቋል።»

ጠጡ። ብርጭቆውን እስከ ታች ጨረሱት።

«ውኃ ነው» አሉ። ቀጥለው «ጭቃው ከላይ ነበር?» አሉኝ።

«ከላይ ነበር። ስክሪኑ ከታች፣ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ። ያኔም እዚያው ነበር፣ ኦቦ። አላስታውስም ያሉት እሱን ነው።»

በቀኝ እጃቸው የግራ እጃቸውን አንጓ ፈለጉ። ሰዓት ማሰር ትተዋል።

«ኢንተላ ኮ» አሉ።

የሚቀጥለውን ጠበቅሁ። ከብት ከበረንዳው ፊት አለፈ፣ ባለቤታቸው ከውስጥ እቃ ያንኳኳሉ። ጠበቅሁ። አልመጣም። ጆጉን እዚያው ትቼላቸው ተነሣሁ።

ኦቦ ገመቹ የሞቱት በተከታዩ ጥር ነው። አዴ ጫልቱ ደውላ ነገረችኝ፤ ለለቀስተኛው የሚቀዳው ከአዲሱ ጉድጓድ መሆኑንም ነገረችኝ። ድንኳኑ ከጉድጓዱ ብዙ አይርቅም። ለቅሶ አልሄድኩም። ያን ቀን ቡራዩ ቤቴ ውዬ ጎመኔን ኮተኮትኩ፣ ውኃም አጠጣሁት።